ሾተላይ ያልኳት ልጄ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ልናገር ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ሦስት እሑድ ሙሉ እነሣለሁ እያልኩ ሳልነሣ ቀርቻለሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝንም፣ እኔ ያደረግሁትንም፣ ሁለቱንም ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። የሚያምር ምስክርነት አይደለም። ታግሣችሁ ስሙኝ።

ወርቅነሽ እባላለሁ። ከሳጉሬ ወዲያ፣ በጭላሎ ግርጌ ካለ መንደር ነኝ። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚያ ሰፈሩ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ እዚያው ተዳርኩ። ባሌ ጣሊያን ሊወጣ ሲል በንዳድ ሞተብኝ። አንዲት ልጅ ትቶልኝ ነበር፤ ዘነበች ትባላለች፤ ያኔ ገና ጡት አልጣለችም። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም።

እንጀራዬ ማዋለድ ነበር። ከአማቴ ነው የተማርኩት። አገሩ ሁሉ ያውቀኛል፤ የእኛም ሰው፣ ኦሮሞውም፣ እስላሙም ምጥ በመጣ ጊዜ «ወርቅነሽን ጥሩ» ነው የሚለው። ኮርቼ ነበር፣ ወገኖቼ። ድግስ ቤት ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። «ይህን ሁሉ ልጅ ማን አወጣው? እኔ አይደለሁም?» እል ነበር።

እትብት የምቆርጠው በማጭድ ነው። ለዚያ ብዬ ያስቀመጥኩት ሌላ ማጭድ የለም፤ ጠዋት ለፈረሱ ሣር ያጨድኩበትን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግ አድርጌ እቆርጥበታለሁ። ከዚያ ቅቤና ትኩስ እበት ለውሼ እምብርቱ ላይ እለጥፋለሁ። ያቀዘቅዛል፣ ቶሎ ያደርቃል ይባላል። አማቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ የአማቴም እናት።

ዘነበች በአሥራ አምስት ዓመቷ ተሰማ ለሚባል የጎረቤት መንደር ልጅ ተዳረች። ደህና ልጅ ነበር፤ ገበሬ፣ ዝምተኛ። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ያዋለድኳት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ያዋልዳታል? ልጁ ጮሆ ተወለደ፣ ደህና ጠባ፣ ደህና ተኛ።

በስድስተኛው ቀን ጡት እንቢ አለ። አፉን ልከፍትለት ትንሿን ጣቴን ባስገባ መንጋጋው እንደ እንጨት ደርቋል። በር ሲንጓጓ፣ ውሻ ሲጮህ፣ ሰውነቱ ወደ ኋላ እንደ ቀስት ይለጠጣል። ጉንጩ ወደ ላይ ተሰብስቦ ፊቱ የሚስቅ ይመስላል። ዘነበች አቅፋው አየችውና፣ «እናቴ፣ ተሽሎታል፤ እየሳቀ ነው እኮ» አለችኝ። እኔ አውቅ ነበር። ያን ሳቅ በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ምንም አልነገርኳትም። በማግስቱ ሞተ።

ክርስትና ስላልተነሣ ከጓሮ፣ ከኮሶው ሥር ቀበርነው። በዓመት ከምናምኑ ሴት ወለደች። እሷም በሰባተኛው ቀን። ከዚያ ደግሞ ወንድ ወለደች፤ እሱም በሰባተኛው ቀን። ሦስቱም ከአንድ ዛፍ ሥር ናቸው።

እንግዲህ ሰው መናገሩ አይቀርም። የተሰማ እናት አስካለ «ዓይን ነው» ስትል ሰነበተች። «ሾተላይ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ። እኔ እናቷ! ልጅ የማይበረክትላት ሴት ሾተላይ አለባት ይባል የለም? «ልጄን ሾተላይ ይዟታል» አልኩ። ከአዋላጂቱ አፍ ስለወጣ ሁሉም አመነ። ከታር ወንዝ ማዶ ወዳለ መድኃኒተኛ ወሰድኳት። ጥቁር ዶሮ በራሷ ላይ አዞረ፣ ሥር ቀጥቅጦ አጠጣት። ሁለት ቀን ስታስመልስ ሰነበተች፤ በመጨረሻ የወጣው ደም ነበር። ጭንቅላቷን ይዤ «አይዞሽ፣ እየወጣልሽ ነው» እላት ነበር።

ከዚያ በኋላ አስካለ ሽማግሌ ላከች። «ልጅሽን ውሰጂ፤ ቤታችን ይዳን» ተባልኩ። ዘነበች አንድ ጋቢና አንድ እንስራ ይዛ ተመለሰች። ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እርጉዞቹ መንገድ ይቀይሩባት ጀመር። አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሃያ ዓመት አልሞላትም።

ወገኖቼ፣ ጌታ ያገኘኝ በአውራ ጣቴ ነው። እሾህ ወጋኝና አመረቀዘ፤ ክንዴ እስከ ብብቴ አበጠ። በፈረስ ተጭኜ አሰላ፣ እዚህ ሚሲዮን ክሊኒክ መጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እናንተን እጠላችሁ ነበር። «ፀረ ማርያም» ከሚሏችሁ አንዷ እኔ ነበርኩ። ግን እጅ ሲነድ ማን ይመርጣል? ድሬሰሩ፣ ቁስል አሻጊው፣ ጣቴን በጥቶ መግሉን አወጣ። «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ክንድዎ ይቆረጥ ነበር» አለኝ። «በየሐሙሱ እየመጡ ቁስሉ ይታሸግልዎ።»

ሐሙስ ደግሞ የሴቶች ትምህርት ቀን ኖሯል። ቁስል የሚታሸገው ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ወደድንም ጠላንም ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ተቀምጠን እንሰማለን። አስተማሪዋ ያን ጊዜ ከወለጋ የመጣችው እህታችን ጫልቱ ናት። አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ ትለዋለች። የመጀመሪያ ቀን ለልጃገረዶች ስለ ወር አበባ ተናገረች። ጨርቁን በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ እርጥቡን አልጋ ሥር አትደብቁት፣ ያሳምማችኋል አለች። በአደባባይ! እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። «ይህችን ያሳደጋት የለም» አልኩ።

በሦስተኛው ሐሙስ ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት ይዛ መጣች። እምብርቱ ላይ ሲባጎ ተሰፍቶበታል።

«እናቶቼ፣ እትብቱን በምን ትቆርጡታላችሁ?» አለች።

«በማጭድ» አለች አንዷ። «በቢላዋ» አለች ሌላዋ።

«ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«ቅቤ።» «እበት።» «አመድ።»

ጫልቱ አልተቆጣችም። አሻንጉሊቱን እንደ ልጅ አቅፋ ቁጭ አለችና እንዲህ አለች፦ «ልጁ ደህና ይወለዳል። ደህና ይጠባል። በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ቀን ጡት እንቢ ይላል። አፉ አይከፈትም። በር ሲንጓጓ ይገተራል። ፊቱ የሚስቅ ይመስላል። ይህ በሽታ መንጋጋ ቆልፍ ይባላል። ዓይን አይደለም፣ ሾተላይ አይደለም። ከእበትና ከአፈር፣ ካልተቀቀለ ስለት ነው በእትብቱ የሚገባው።»

ያቺ ሴት ቤቴ ገብታ አታውቅም፣ ወገኖቼ! የልጄን ልጅ ፊት አይታው አታውቅም!

ተነሥቼ ቆምኩ። «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ከማንም በፊት አዋልጄአለሁ! በዚያው ማጭድ የቆረጥኳቸው አድገው ወልደዋል! እነሱስ ለምን አልሞቱ?»

«እትዬ፣ መርዙ ሁልጊዜ ስለቱ ላይ አይገኝም» አለች። «የተገኘ ቀን ግን ልጁ አይተርፍም።» ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስንት ሞቱብዎት?» አለችኝ።

«የእኔ አይደሉም። የልጄ ናቸው። ሦስት።»

«ማን አዋለዳት?»

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ሴቱ ሁሉ በተራ በሳሙና እጁን ይታጠባል፤ ደንቡ ነው። እኔ ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ። የታሸገውንም ፈትቼ፣ ቁስሉ እየደማ አሸሁት። ሴቶቹ ሄዱ። ፊቴ ላይ የሚመጣው የዘነበች ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የእነ እገሌ ቤት፣ የእነ እገሌ ቤት፣ የበላይነሽ መንትዮች... በአንድ ሳምንት ሁለቱን የቀበረችው በላይነሽ። ጫልቱ መጥታ እጆቼን ያዘች።

«ይብቃዎ፣ እትዬ። ቆሻሻ በሳሙና ይለቃል። ይሄኛው በሳሙና አይለቅም።»

«በምን ይለቃል ታዲያ?» አልኳት። «ሰው ገድዬ፣ ያውም የልጄን ልጆች፣ በምን ይለቃል?»

«ሳያውቁ ነው ብዬ አላባብልዎትም። ማወቅ አለማወቁን ጌታ ያውቃል። ግን ደሙን ያፈሰሰው እንዲህ ላለው ነው፤ ለሌላ ለማን?»

ከክሊኒኩ ኋላ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ድንጋይ አጠገብ ተንበርክከን ጸለየችልኝ። ምን እንዳለች አላስታውስም። እኔ የተናገርኩት «ማረኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ያን ቀን ለኢየሱስ እጄን ሰጠሁ። ክብር ለስሙ ይሁን! እንዳልሞት ያደረገኝ እሱ ነው፤ ወደ ከታር ገደል ልሄድ አስቤ ነበርና።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ስሙ። ለጌታ ነገርኩት፤ ለልጄ ግን አልነገርኩም። ማጭዱን ለሣር ብቻ አደረግሁት፤ ምላጭና ሳሙና ከሱቅ ገዛሁ፤ ክር ቀቅዬ በንጹሕ ጨርቅ እቋጥራለሁ። እሑድ እሑድ እዚህ እየመጣሁ ሃሌሉያ እላለሁ። ቤት ስገባ ዘነበች ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። «ምን ተማርሽ?» ትለኛለች። «ስለ ንጽሕና» እላታለሁ። «ዛሬ ልንገራት» እላለሁ፤ ፊቷን ሳይ ይጠፋኛል። ይቅር ተብያለሁ፣ በቃ፣ ለምን አቆስላታለሁ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። አንድ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ተሰማ ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር፤ አበበች የምትባል ልጅ። አንድ ቀን በእኩለ ቀን እደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«እማማ፣ እናቴ ልካኝ ነው። ሁለተኛ ቀኗ ነው። አልወጣ አለ።»

ዘነበች ከጓዳ ሰማች። ምላጭና ክር የቋጠርኩበትን ጨርቅ ከሰቀልኩበት አውርዳ ሰጠችኝ።

ስደርስ ልጂቱ ደክማለች። ወለሉን አስጠረግሁ፣ ውኃ አስፈላሁ፣ እጄን እስከ ክንዴ ታጠብኩ። ምላጩንና ክሩን ስቀቅል አስካለ አየችኝና፣ «ምን ልታበይን ነው? ክር ይቀቀላል እንዴ!» አለች። አልመለስኩላትም። አመሻሽ ላይ ወንድ ልጅ ወጣ። ቋጠርኩ፣ ቆረጥኩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት። አስካለ ቅቤና እበቱን በገል ይዛ ቀረበች። «አይነካውም» አልኳት። «ልጁ እንዲኖርልሽ ከፈለግሽ አይነካውም!» እንደ ዱሮው ትፈራኝ ስለነበር ገሉን መልሳ ወሰደችው።

በየቀኑ እየሄድኩ አየሁት። በስድስተኛው ቀን ከበሩ ውጭ ቆሜ መግባት ፈራሁ። ሲጠባ ሰማሁት። ትንፋሹን ቆረጥ፣ ቆረጥ እያደረገ ሲጠባ። ጌታ ይመስገን! ሰባተኛው አለፈ። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው አለፈ። ከተሰማ ልጆች ከሰባት ቀን ያለፈ የመጀመሪያው እሱ ነው።

በአሥረኛው ቀን ጎረቤቱ ተጠርቶ ገንፎ ተበላ። አስካለ ልጁን ከፍ አድርጋ ያዘችውና፣ «እንግዲህ አያችሁ? ሾተላይዋ ወጣች፣ ቤታችን ዳነ!» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ።

ወገኖቼ፣ ያ እልልታ ልቤን ሰነጠቀው። ያዳንኩት ልጅ በልጄ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመባት። ዝም ብል ዘነበች እስክትሞት ሾተላይ ናት። ብናገር ደግሞ እኔ አለቀልኝ። «ጌታ ሆይ፣ ያዘኝ» አልኩና ተነሣሁ።

«አስካለ፣ ልጄን ተያት። ሾተላይ የለም። ያንቺን የልጅ ልጆች፣ ሦስቱንም የገደልኳቸው እኔ ነኝ። በማጭዴ ነው፣ በእበቱ ነው። ይሄኛው የዳነው እጄን ስለታጠብኩ፣ ምላጩን ስለቀቀልኩ ነው። ዘነበች ምንም የለባትም። የወለደችው ሁሉ ደህና ነበር።»

ተሰማ ተነሥቶ ወጣ፤ በበሩ በኩል አየሁት፣ ግንባሩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ቆሟል። ያን ሰው፣ ልጄን መለሰብኝ ብዬ፣ ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ ጠልቼዋለሁ። ከዚያ በላይነሽ ተነሣች።

«የእኔስ መንትዮች?» አለችኝ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ልመልስላት? «ያንቺም ይመስለኛል፣ በላይነሽ» አልኳት። አልመታችኝም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ «የእኔስ?» አለች። ሌላዋም። አስካለ «ውጪ! ከቤቴ ውጪልኝ!» ስትል ነው የወጣሁት፤ ለአንዳንዶቹ እንኳ አልመለስኩም።

ከሰው ሳትሰማ ብዬ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ዘነበች እህል ትፈጭ ነበር። ከወፍጮው ፊት ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት። መፍጨቷን አላቆመችም፤ እስክጨርስ ትፈጭ ነበር። ከዚያ እጇን አነሣች።

«መቼ አወቅሽ?»

«የዛሬ ዓመት።»

«ዓመት ሙሉ ሾተላይ ሲሉኝ እየሰማሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«አዎ።»

«ማጭዱን አላወቅሽም ነበር። እሺ። ይሄንንስ?» አለችኝ።

ጋቢዋን አንሥታ በእግሯ ወደ አሰላ ሄደች። እዚህ ግቢ፣ ጫልቱ ዘንድ ደረሰች። እኔን ሸሽታ እኔ ወደዳንኩበት ቦታ መጣች። ይህን ያደረገው ማነው? የጌታ ሥራ አይደለም?

እኔ መንደሬ ቀረሁ። ደጄ ላይ የሚቆም ጠፋ። ጣሪያዬ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ቅርብ ያለች አንዲት ጎረቤቴ እኔን ላለመጥራት ብቻዋን ወለደች፤ አማቷ በማጭድ ቆረጠችላት። በሰባተኛው ቀን ለቅሶውን ቤቴ ሆኜ ሰማሁ። እንዳልሄድ ተከልክያለሁ። ምላጩ እቤቴ ተቀምጧል፤ ሳሙናው ተቀምጧል፤ ልጁ ሞተ። ያን ቀን እግዚአብሔርን ተከራከርኩት። «እውነት ተናገርኩ፤ እውነቴ ሌላ ልጅ ገደለ» አልኩት። መልስ አላገኘሁም። እንዳገኘሁ አድርጌ አልዋሻችሁም። ጸሎቴን ግን አላቋረጥኩም፤ የምሄድበት ሌላ ደጅ የለኝማ።

በክረምቱ መጨረሻ በላይነሽ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። የራሷን ማሰሮ ተሸክማለች። ደጃፌ ላይ አስቀመጠችውና፣ «በዚህ ትቀቅያለሽ። እኔ እያየሁሽ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቀኗ ሲደርስ ውኃው እስኪንተከተክ ከምጧ ጋር እየታገለች ዓይኗን ከማሰሮው ላይ አላነሣችም። ልጇ ሴት ናት፤ በሕይወት አለች፣ ትሮጣለች። ስሙ ይባረክ! ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ ሰው መመለስ ጀመረ። ሁሉም አይደለም። አስካለ እስከ ዛሬ አታናግረኝም።

ዘነበችን ታውቋታላችሁ፤ የክሊኒኩን ፋሻ የምታጥበው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ጫልቱ ልጃገረዶቹን እንድታስተምር አደረገቻት። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ከሳጉሬ እየመጣሁ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሰላም ስላት ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች፤ ከዚያ ሌላ የለም። እናቴ ብላ እንኳ አትጠራኝም። ይህ ሁለት ዓመት ሆነው።

ባለፈው ወር አሻንጉሊቱን ይዛ ስታስተምር ከኢተያ በኩል የመጣች አንዲት ባልቴት ተነሣች፤ ልክ እንደ እኔ፣ በቁጣ። «አንቺ ልጅ፣ ሾተላይ አይደለም ያለሽ ማነው? ይህን ማን ነገረሽ?» አለቻት።

ዘነበች አሻንጉሊቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እኔን አላየችኝም፤ ባልቴቲቱን እያየች፣ «እናቴ ናት የነገረችኝ» አለች።

ከዚህ በላይ የምነግራችሁ የለኝም። ታርቀናል አልልም። ማታ አብረን አንበላም። ግን እናቴ ብላኛለች፤ ጆሮዬ ሰምቷል። ሃሌሉያ! ሞቼ ነበር፤ ይህን እስክሰማ ያኖረኝን አምላክ እንዴት አላመሰግን? እነዚያን ሕፃናት አልመለሰልኝም። እስከማገኛቸው ድረስ ከእሱ ዘንድ እንደሚጠብቃቸው አምናለሁ፤ የማምነውም በለቅሶ ነው።

እንግዲህ እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ እንደ እኔ የምታዋልድ አለች፤ አውቃታለሁ፣ ፊቷን አይቼ አውቃታለሁ። አትፍሪ። ሐሙስ ነዪ። ልጃገረድ ያላችሁ ልጆቻችሁን ላኩ፤ ያሳፍራል አትበሉ፤ የሚያሳፍረው እኔ የነበርኩበት ነው። በልባችሁ የሸሸጋችሁት ካለ ደግሞ፣ ለጌታ ብቻ ነግራችሁ አትቀመጡ፤ ለበደላችሁትም ሰው ንገሩ። ያስከፍላል። እሱ ግን አይለቃችሁም፤ እኔን አልለቀቀኝም። እመኑት። እኔ በዚህ በጠቆረ ሕይወቴ አምኜዋለሁ፣ እናንተም እመኑት። አሜን።